የት ልታሳድራት ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ያገለገለች ቪትዝ ሊገዛ ጉርድ ሾላ ይዞኝ ሄደ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየ፣ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ቦዲዋን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ። ዋጋ ላይ ስንከራከር በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት የሻጩ እናት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጄ፣ የት ልታሳድራት ነው?" ጓደኛዬ ዝም አለ። የተከራየበት ግቢ መኪና አያስገባም።

እኔን ትዝ ያለችኝ ግን መርከብ ናት። ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ቆሞ ስለ መርከብ ማሰብ ሊያስቅ ይችላል። ቢሆንም ይህች አገር በአንድ ወቅት ያገለገለች፣ ውቅያኖስ ተሻጋሪ መርከብ ነበረቻት። ስሟም "ኢትዮጵያ" ነበር።

በፊት ስሟ "ኦርካ" ይባል ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1942 ውኃ ነካች፣ በ1944 የአሜሪካ ባህር ኃይል አባል ሆነች። ሥራዋ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት መሆን ነበር፤ ነዳጅ ታድላለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታሳድራለች። በፓስፊክ ጦርነት አገለገለች። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፈትታ ቆመች፣ በኮሪያ ጦርነት ዘመን እንደገና ተጠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ጡረታ ወጣች። ወደ 95 ሜትር የምትረዝም፣ በዲዝል የምትሄድ፣ አፍንጫዋ ላይ መድፍ ያላት ብረት ናት።

በዚህ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ስትቆራኝ ምጽዋና አሰብን አገኘች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ባህር ኃይል ተቋቋመ፤ ሲደራጅ የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። መኮንን ለማሰልጠን ግን ክፍል ብቻ አይበቃም። ወጣቱ ማዕበል ላይ ማስታወክ አለበት! ለአብራሪዎች የተሠራው መኝታ ለተማሪዎች ይሆናልና "ኦርካ" ለዚህ የተመቸች ነበረች። በ1954 ዓ.ም መጣችና የባህር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባህር ኃይል ቀን የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች እንግዳ ሆነው ሲመጡ፣ ከጎናቸው የምትቆም አንዲት ረዘም ያለች መርከብ ነበረችን።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ አልገዛናትም፤ በውሰት ነው የመጣችው። ሽያጩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያን ጊዜ የተዋሱት ሰዎች የሉም። ባህር ኃይሉን ይመሩ የነበሩት የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። በንጉሡ ዘመን የተዋስነውን ደርግ ገዛ። ይባስ ብሎ ሽያጩ ዓመት እንኳ ብዙም ሳያልፈው፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም፣ ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች አባረረ። መኪና ገዝቶ በማግስቱ መለዋወጫ ከሚሸጠው ብቸኛ ሰው ጋር እንደመጣላት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የጦር ጀልባዎች በአብዛኛው የሶቪየት ነበሩ።

ውጭ አገር ያገለገለ የሸራ ጀልባ ገዝተው ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። ከመግዛታቸው በፊት ጀልባዋን ከውኃ አስወጥተው በባለሙያ ያስመረምራሉ። ሰውየው አካሏን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ይሰማል፣ ምሰሶውንና ገመዱን ያያል፣ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጠይቃል። ልክ እንደኛ መካኒክ ማለት ነው። ልምድ ያለው ገዢ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ማቆሚያዋ ነው። ዋጋው አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ የወደብ ኪራይ ግን ጀልባዋ ተንሳፋ እስካለች ድረስ አያቆምም። ባለቤቱ ቢታመም፣ ቢከስር፣ ቢረሳትም ይቆጥራል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። ባህር ኃይሉ ወደ አሰብና ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተገፋ። በግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ መርከቦቹ የቻሉትን ያህል ሰው ጭነው ቀይ ባህርን ተሻገሩ። "ኢትዮጵያ" የመን ደረሰች፣ እዚያው ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት እሷ ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። የፓስፊክን ጦርነት ያየች መርከብ፣ በኛ አማርኛ፣ ለቆራሌው ተሰጠች።

የቀሩት ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ቆመው ነበር። የወደብ ኪራይ ተጠራቀመ፣ የሚከፍል ጠፋ። በመስከረም 1989 ዓ.ም ጅቡቲ መርከቦቹን በእዳቸው ይዛ ለጨረታ አወጣቻቸው። ኤርትራ አራቱን ገዛች፣ ሌሎቹ ተቆራረጡ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የባህር ኃይላችን መጨረሻ ላይ የቆመው የኪራይ ደረሰኝ ነው፤ በጦርነት የሰመጠ ቢሆን እንኳ ሐውልት ይሠራለት ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ መርከቧን ያመጡትን ሰዎች አልወቅስም። በ1954 ዓ.ም ምጽዋ ነበረቻቸው፤ የት ልታሳድሯት ነው የሚላቸው ሰው ቢመጣ እንኳ በእጃቸው ጠቁመው ያሳዩት ነበር። ግን ያ ማደሪያ እንደ መርከቧ ውሰት መሆኑን የሚያስብ አልነበረም። መርከቧ በገባች በዓመቱ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ወደቡን ለዘላለም ያስጠበቅን መስሎን ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀውም ጦርነት ስለዚሁ ሆነ።

ዛሬ ባህር ኃይል እንደገና ተቋቁሟል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። የሚገዛው መርከብ ምን ዓይነት ይሁን የሚል ክርክር አንዳንዴ እሰማለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከድሮው ባህር ኃይል አንዲት የጥበቃ ጀልባ ተርፋ ነበር። በየብስ ተጓጉዛ ጣና ሐይቅ ላይ ተቀመጠች፣ የሚያንቀሳቅሷትም የምድር ጦር ወታደሮች ነበሩ።