አባባ ተስፋዬና የልጆች ጊዜ፤ ከጀውሃ ሲታይ

ስለ አባባ ተስፋዬ ወሬ ሲነሣ የአዲስ አበባ ሰው «የኢትዮጵያ ልጆች ሁሉ አባት» ይላቸዋል። አባባሉ ከልብ የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ጀውሃ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው «ሁሉ» የምትለው ቃል ጥቂት ምርመራ ያስፈልጋታል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ የማታ ጥቂት ሰዓቶች ብቻ ስለ ነበረ፣ በሌላው ዓለም ቀን ቀን እቤት ለሚውሉ ሰዎች የሚዘጋጀው ዓይነት ትርኢት በእኛ ዘንድ ሥፍራ አላገኘም። ቀኑን በኋላ የያዘው ለተማሪ ቤቶች የሚተላለፈው ትምህርት ነው። ቤተ ሰብን በአንድነት የሚያስቀምጠው ሥራ በልጆች ጊዜ ላይ ወደቀ፤ ይህንም የያዙት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ።

አቶ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ተጫውተዋል፤ ኮርያ ወርደው ወታደሮቻችንን አጫውተዋል፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤትም ሠርተዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ መቅድም ቆጥሮ ይዘለዋል። እኛ ግን ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግጅቱ የሚተላለፈው በቀጥታ ስለ ነበረ፣ የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል አይቻልም። ተረቱን የሚመርጠው፣ የሚያሳጥረው፣ እንደ ጅብ የሚያጉረመርመው፣ እንደ አሮጊት የሚያስለው፣ ሰዓቱንም የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «ተረት ነጋሪ» ብቻ ብሎ መጥራት ሥራቸውን ማሳነስ ነው፤ በሙሉ ትርጉሙ አዘጋጅ ነበሩ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» የምትለው ሰላምታቸው ከንጉሡ ዘመን አልፋ፣ ደርግን ተሻግራ፣ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ 42 ዓመት ያህል ቆየች። ሚኒስትሮች በተለዋወጡበት አገር ይህን ያህል መቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ ጀውሃ ይደርሳል። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ዓይን ፊት ለፊት የሚያይ እንጂ እንደ መኪና ተራራ የሚዞር አይደለም። ቢደርስስ? መብራት በሌለበት ቤት መሣሪያው ሣጥን ነው። የቆላው ልጅ በመከር ወራት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል፤ ማታ እሳት ዳር ተረቱን ከአያቱ አፍ ይሰማል። ያውም እንደየቤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአርጎብኛ ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ምን ቀረበት? ጓደኞቻችን «ምንም አልቀረበትም፤ አያቱ ይበልጣሉ» ይላሉ። ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። አያት የሚናገሩት ለአንድ ምድጃ ነው፤ አባባ ተስፋዬ ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ልጆች በአንድ ሰዓት በአንድ ጅብ እንዲስቁ አድርገዋል። የቆላው ልጅ ያጣው ተረቱን ሳይሆን ይህንን የጋራ ሣቅ ነው። በአንጻሩ የይፋት አያቶች ተረት ወደ ስቱዲዮው የሚወጣበት መንገድ አልተጠረገም። መንገዱ ቁልቁል ብቻ ነበረ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ተረቶቻቸውን በመጻሕፍት አሳትመው ስለ ነበረ ቃሉ አለ። በቀጥታ ተላልፎ ያለፈው ድምፅና የፊት እንቅስቃሴ ግን የሚገኘው በዚያ ዘመን ልጆች በነበሩት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው፤ እነርሱም ዛሬ ሸምግለዋል። ለዚህ ጥናት የሚነሣ ተማሪ መዝገቡን ይዞ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ይሂድ፤ ሲመለስ ግን ጀውሃ ላይ ወርዶ የአያቶቹንም ይጻፍ።