በሬዲዮ የሰማነው የትኛው ነበር?

በ1970 የእንግሊዙ ኪንክስ ባንድ መሪ ሬይ ዴቪስ አንዲት ቃል ለመቀየር ሲል ብቻ አሜሪካ ውስጥ የጀመረውን የኮንሰርት ጉዞ አቋርጦ ለንደን ድረስ በርሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) «ሎላ» የተባለው ዘፈኑ የኮካ ኮላን ስም ይጠራል፤ ቢቢሲ ደግሞ በዚያ ዘመን የንግድ ዕቃ ስም የሚጠራ ዘፈን አያሰማም ነበር። ስለዚህ በነጠላው ሸክላ ላይ ኮካ ኮላ ወጥቶ «ቼሪ ኮላ» ገባ፤ በአልበሙ ስቴሪዮ ቅጂ ላይ ግን የቀድሞው ቃል እንዳለ ቀረ። አንድ ሰው «ሎላን ድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ» ሲለኝ መጠጡ ምን ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ። ዘፈኑን የለመደው በሬዲዮ ይሁን ትልቁን ሸክላ ገዝቶ፣ ከመልሱ አውቃለሁ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የምኖር፣ ሸክላና ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምገለብጥ ሰው ነኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የሀገሬ ልጆች ናቸው፤ ለራሴ የምሰበስበው ግን የሀገሬንም የፈረንጁንም ነው። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው የወጣትነቱን ዘፈን ከኢንተርኔት ፈልጎ ያገኛል፤ ከፍቶ ሲያዳምጠው ግን ፊቱ ቅር ይለዋል። «ይሄ እኮ እሱ አይደለም» ይላል። ልጆቹ «አባዬ፣ ረስተኸው ነው እንጂ እሱ ነው» ይሉታል። አልረሳውም። ጆሮው ልክ ነው፤ የቀረበለት ሌላ ቅጂ ነው። ሕዝብ የወደደው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮ የተሰማው ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ቅጂ መሆኑ ያሳስበኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸክላው ስፋት ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ፊቱ 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዝ ነበር። በ1948 ኮሎምቢያ ባለ 33⅓ ዙሩን ትልቅ ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ አርሲኤ ቪክተር ባለ 45 ዙሩን ትንሽ ሸክላ አወጡ። ትልቁ ለቤት፣ ትንሹ ለሬዲዮ ጣቢያና ሳንቲም እየበላ ለሚዘፍነው ጁክቦክስ ሆነ። ትንሹ ሸክላ የራሱ ሕግ አለው። ዘፈኑ በረዘመ መጠን መርፌው የሚሄድባቸው መስመሮች ይጠጋጋሉ፤ ሲጠጋጉ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቅረጽ ግድ ይሆናል። አጭር ዘፈን ግን ከፍ ብሎ ይቀረጻል። ጣቢያዎቹም አጭርና ጮክ ያለውን ይመርጡ ነበር፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል የሚሸጡት ማስታወቂያ አለና።

ይህን የሚያውቁ ፕሮዲውሰሮች ብዙ ዘዴ ፈጥረዋል። ፊል ስፔክተር በ1964 የራይቸስ ብራዘርስን «ዩቭ ሎስት ዛት ላቪን ፊሊን» ሲያወጣ ዘፈኑ 4 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። በሸክላው ወረቀት ላይ ግን 3:05 ብሎ አሳተመበት። ጣቢያዎቹ አጭር መስሏቸው አሰሙት፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይም በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ከዚህ የምወስደው የሥራ ትምህርት አለ፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አምኜ አልመዘግብም፤ ሰዓት ይዤ እለካለሁ።

ስፔክተር ሳይቆርጥ ዋሸ፤ ሌሎቹ ቆረጡ። ከተቆረጡት ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ የዶርስ ባንድ «ላይት ማይ ፋየር» ነው። በ1967 መጀመሪያ በወጣው አልበም ላይ 7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መካከሉ ላይ የኦርጋኑና የጊታሩ ረጃጅም ሶሎዎች አሉ። ፕሮዲውሰሩ ፖል ሮስቻይልድ ለነጠላው ሸክላ ሶሎዎቹን ቆርጦ ከ3 ደቂቃ በታች አወረደው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ለሦስት ሳምንት የቆየውም ይህ የተቆረጠው ነው። እስከዚህ ያለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የፍጥነቱ ነገር ነው። የአልበሙ ቅጂ ከተጫወቱት ፍጥነት 3.5 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ተቀርጾ ኖሯል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሏል። ዓለም ለዓመታት እንዲሁ ሲሰማው ኖረ። በኋላ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህር የሆነው ማይክል ሂክስ የታተመው ኖታና የመድረክ ቅጂዎቹ ከአልበሙ ከፍ እንደሚሉ አስተዋለና ለባንዱ የድምፅ መሐንዲስ ለብሩስ ቦትኒክ አመለከተ። ልኩን የያዘው የስቴሪዮ ቅጂ የወጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ትክክለኛውን ፍጥነት ይዞ የኖረው የተናቀው፣ የተቆረጠው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ነበር። አልበሙን «ዋናው»፣ ነጠላውን «ቁራጩ» ብለን የምንደመድም ሰዎች ይህን ብናስታውስ እወዳለሁ።

ከዚያ ደግሞ ሞኖና ስቴሪዮ አለ። በ1960ዎቹ ብዙው ሰው ያለው አንድ ስፒከር ነበር፤ የመኪናውም ሬዲዮ እንዲሁ። ዲትሮይት ያሉት የሞታውን ሸክላ ኩባንያ ሰዎች ሚክሳቸውን የሚፈትኑት የመኪና ሬዲዮ በምታክል ትንሽ ስፒከር ነበር። ስለዚህ የዘመኑ ዋና ሥራ ሞኖው ነው፤ ስቴሪዮው በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚሠራ ነበር። ሚክስ ደግሞ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ቴፑ ላይ ያሉትን ትራኮች አንድ ሰው በጣቱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ወደ ሌላ ቴፕ ያሳልፋቸዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ልድገም ቢል መቼም አንድ ዓይነት አይወጣለትም።

የቢትልስን «ሳርጀንት ፔፐር» ውሰዱ። በ1967 የሞኖው ሚክስ ሲሠራ አራቱም ልጆች ስቱዲዮ ተቀምጠው ሐሳባቸውን እየሰጡ ነበር። ስቴሪዮውን ግን ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲንና የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ያለ እነሱ ነው የጨረሱት። ውጤቱን በጆሮ መለየት ይቻላል፤ «ሺዝ ሊቪንግ ሆም» በሞኖው ፈጠን፣ ድምፁም ከፍ ይላል፤ በስቴሪዮው ዘግየት ብሎ ሐዘኑ ይከብዳል። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ነጩ አልበም ላይ ያለው «ሄልተር ስኬልተር» በሞኖ 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሆኖ ያልቃል። ስቴሪዮው ከጠፋ በኋላ እንደገና ተመልሶ ይመጣና 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ከበሮ መቺው ሪንጎ ስለ ጣቱ ቁስል ሲጮኽ ያበቃል። ያ አልበም አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው በስቴሪዮ ብቻ ነው። እንግዲህ ሞኖውን የገዛ እንግሊዛዊና አሜሪካዊ ጓደኛው ስለ አንድ ዘፈን መጨረሻ ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት አላቸው።

«ሌት ኢት ቢ»ም እንዲሁ ነው። መጋቢት 1970 የወጣው ነጠላ ሸክላና ግንቦት ላይ የወጣው አልበም መነሻቸው አንድ ቀረጻ ነው፤ የጆርጅ ሃሪሰን የጊታር ሶሎ ግን ይለያያል። በነጠላው ያለው ለስለስ ብሎ የሚንሳፈፈው ነው፤ በአልበሙ ያለው የሚናደፈው። እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ።

እንዴት ነው የሚለየው ብለው ለሚጠይቁኝ ሁልጊዜ የማሳየው የሸክላውን ባዶ ቀለበት ነው። ሙዚቃው ካለቀበት እስከ መሐሉ ወረቀት ድረስ ያለችውን ጥቁር ቦታ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ በእጅ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥርና ፊደል ታገኛላችሁ። ወረቀቱ ሳይቀየር ቅጂው ሲቀየር ቁጥሩ ይናገራል። ድምፁን ከቴፕ ወደ ዲስክ የሚቆርጡት ሰዎችም ምልክታቸውን ያኖሩበታል፤ እንግሊዛዊው ጆርጅ ፔካም በቆረጣቸው ብዙ ሸክላዎች ላይ «ፖርኪ» የሚለውን ቅጽል ስሙን ጭሯል። ለጣቢያዎች በነፃ የሚላኩት «ለሽያጭ አይደለም» የተባለባቸው ሸክላዎች ደግሞ በአንድ ፊት ሞኖ፣ በሌላው ፊት ያንኑ ዘፈን በስቴሪዮ የያዙ አሉ። ሞኖው ለኤኤም፣ ስቴሪዮው ለኤፍኤም ጣቢያ ነበር። ከሱቅ ያልተሸጠ ሚክስ እዚያ ላይ ብቻ ተቀርጾ የቀረበት ጊዜ አለ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ተገለበጠ። ኒውዮርክ ውስጥ ቶም ሞልተን የተባለው የሚክስ ሰው ዘፈን ሊያስቆርጥ ሲሄድ ቆራጩ ሆሴ ሮድሪገስ ባለ 7 ኢንች ባዶ ዲስክ አልቆበት ኖሮ በሰፊ ዲስክ ላይ፣ መስመሮቹን አራርቆ ቆረጠለት። ድምፁ ከዚያ በፊት ከሰሙት ሁሉ ገዘፈ። ሳልሶል ኩባንያ በ1976 የደብል ኤክስፖዠርን «ቴን ፐርሰንት» ዋልተር ጊቦንስ ከ9 ደቂቃ በላይ አድርጎ ሠርቶት በባለ 12 ኢንች ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው የሚያሳጥረውን ዘፈን የጭፈራ ቤቱ ያስረዝመው ጀመር፤ አንድ ዘፈን ሦስትና አራት ሆኖ መውጣቱም ልማድ ሆነ።

ሲዲ ሲመጣ ኩባንያዎቹ ከመጋዘን ያወጡት በአብዛኛው የአልበሙን ስቴሪዮ ቴፕ ነው። የነጠላው ሞኖ ሚክስ ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ያኔ ሚሊዮኖች የገዙት ድምፅ ከገበያ ጠፍቶ ብዙ ሰው ያልሰማው ድምፅ «ኦሪጅናል» ተብሎ ተሸጠ። የቢትልስ የሞኖ ሥራዎች በአንድ ሣጥን ተሰብስበው የወጡት በ2009 ነው። ያን ያህል ስም የሌላቸውማ ማን ያስታውሳቸዋል?

የእኛ ሸክላ ታሪክ አጭር ነው፤ በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። ከዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ጀምሮ እስከ 1975 ድረስ 100 ገደማ ባለ 45 ዙር ሸክላና ከ10 በላይ አልበሞች አወጣ። እንደ ካይፋ ያሉ ሌሎች የሸክላ ኩባንያዎችም በዚያው መንገድ ተከተሉ። ማተሚያው ሀገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ ታትሞ ይመጣ ነበር። ደርግ መጣ፣ ካሴት ተተካ፣ ዋናዎቹ ቴፖች ተበታተኑ።

ሙላቱ አስታጥቄን የሚወድ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ» እና «ደወል» በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ በወርዚ ኩባንያ በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም ላይ አሉ፤ ኤትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ አራተኛ ሲዲ ላይም አሉ። ሚክሳቸው ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ቀረጻው ራሱ ሌላ ነው፣ አንዱ የኒውዮርክ፣ ሌላው የአዲስ አበባ። የኒውዮርኩን አልበም ስትረት ኩባንያ በ2017 እንደገና ሲያትመው ስቴሪዮውንና ሞኖውን ለየብቻ፣ ከስቱዲዮው ትርፍ ቀረጻዎች ጋር አወጣው። ለአንድ የኢትዮጵያ አልበም እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ሳይ በእውነት ደስ ብሎኛል። ለሌሎቹም ይገባቸው ነበር።

እኔ ጋ የሚመጣው ግን በአብዛኛው የካሴት ቅጂ ቅጂ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ የደከመ ሞተርና ያለቀ ባትሪ ግን ይህን አይጠብቁም። ዘፋኙ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ይመጣል። ክራርና ማሲንቆ ለዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኙ ልኩን አይነግሩኝም፤ ኦርጋንና ፒያኖ ካለ እሱን እይዛለሁ። አንዳንዴም ከሙዚቃው ሥር የመብራቱ እዝታ ይሰማል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ እዝታው 48 ላይ ካገኘሁት ቅጂው እንደዘገየ አውቃለሁ። አንድ ጋሼ ስል የምጠራቸው ደንበኛ ፍጥነቱን ካስተካከልኩላቸው በኋላ፣ «ግን ያኛውንም አታጥፋው፣ እኛ ሠላሳ ዓመት የዘፈንነው በእሱ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ደንበኛ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም እጽፋለሁ።

እናንተም ቤት ባለ 45 ዙር ሸክላ ካለ፣ የተጫጫረም ቢሆን፣ «ሲዲው አለ» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲዲው ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ገልብጣችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትጭኑት የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የኩባንያውን ስም፣ የወረቀቱን ቁጥር፣ ባዶው ቀለበት ላይ የተጫረውን፣ የትኛው ፊት እንደሆነ፣ በሰዓት የለካችሁትን ደቂቃ ጻፉ። ፍጥነቱን ከነካችሁት በስንት በመቶ እንደነካችሁት ጻፉ። ከካሴት ከሆነ ከካሴት ነው በሉ። አባትና እናቶቻችሁ «ይሄ እሱ አይደለም» ሲሏችሁም አትከራከሯቸው፤ የት እንደሰሙት፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በማን ቤት ሸክላ እንደነበር ጠይቋቸውና መልሳቸውን አብራችሁ መዝግቡ።