«ይቻቻሉ» እና «ይግባኝ»፦ ስለ ክርክር ወጪ የሚነገሩ ሁለት የችሎት ቃላት

የፍትሐ ብሔር ክርክር በፍርድ ሲያልቅ፣ ከውሳኔው ግርጌ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ትእዛዝ ትገኛለች፤ «ወጪና ኪሣራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ትላለች። ለእርማት በቀረበልን አንድ ትርጉም ውስጥ ይህች ዐረፍተ ነገር «ተከራካሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይታገሡ» ተብላ ተፈትታ አግኝተናል። ተርጓሚው ዐማርኛውን ያውቃል፤ የችሎቱን ዐማርኛ ግን አላወቀም። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙን እንደ ምክር ያነበበ ባለጉዳይ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

«ቻለ» የሚለው ግስ ከመታገሥ ሌላ፣ ሸክምን ወይም ወጪን መሸፈን የሚል ፍች አለው። «ስንቄን ራሴ እችላለሁ» የሚል መንገደኛ ስለ ትዕግሥቱ አይናገርም። እንግዲህ «ይቻቻሉ» ማለት እያንዳንዱ ለክርክሩ ያወጣውን ራሱ ይሸፍን ማለት ነው። ረቺው በክርክሩ ቢረታም ያወጣውን ከተረቺው አያገኝም፤ ቅር ቢለው የማይደንቀውም ስለዚህ ነው።

«ኪሣራ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በገበያ የነጋዴ ጉድለት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ የሚወድቅበትን ሁኔታ ሰይሟል። በችሎት ከ«ወጪ» ጋር ተጣምሮ ለክርክር የወጣ ገንዘብ ማለት ሆነ። ተርጓሚ ጥንዱን ነጣጥሎ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ባያደርገው እንመርጣለን።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በቁጥር 462 ወጪውን ማን እንደሚከፍልና ምን ያህል እንደሚከፍል መወሰኑን ለፍርድ ቤቱ አስተያየት ትቶታል። ይህ አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1908 ከወጣው የሕንድ ሕግ 35ኛ አንቀጽ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ከዚያም በስተኋላ የእንግሊዝ ልማድ አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ፣ ስለ ወጪ ብቻ በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ያለ ትእዛዙ ሰጪ ፈቃድ ይግባኝ እንዳይባል ከልክሎ ነበር። ቅር የተሰኘው ሰው ፈቃድ የሚለምነው ያንኑ ቅር ያሰኘውን ዳኛ ነበር ማለት ነው! በእኛ ሕግ ቁጥር 320 ይግባኝ በመሠረቱ የሚቀርበው በመጨረሻው ፍርድ ላይ ነው፤ በክርክሩ መካከል እንደ ቀጠሮ ባለው ጉዳይ የሚሰጥ ትእዛዝ ብቻውን ይግባኝ አይባልበትም፤ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ግን ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ «ትእዛዝ» የሚለውን ቃል የሚተረጉም ሰው ትእዛዙ በየትኛው የክርክር ደረጃ እንደ ተሰጠ ሳይመረምር ማለፍ የለበትም።

«ይግባኝ» ራሱ ለሰዋስው ተመራማሪ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ቃል ነው። «ገባ» ከሚለው ግስ ሁለት የሕግ ቃላት ወጥተዋል፦ «ይገባኛል» እና «ይግባኝ»። ፊተኛው በሐተታ አንቀጽ የተነገረ ነው፤ «የይገባኛል ጥያቄ» ያቀረበ ሰው መብቱን ያረጋግጣል። ኋለኛው በትእዛዝ አንቀጽ የተነገረ ነው፤ ተናጋሪው ይለምናል። ምን «ይግባ» እንደሚል ግን አከራካሪ ነው። ነገሩ ወደ በላይ ዳኛ ይግባ ማለት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ዛሬ ያ አሳብ የሚነገረው «ይግባልኝ» ተብሎ መሆኑን እናስታውሰዋለን። እኛ «መብቱ ለእኔ ይሁን» ወደሚለው ፍች እናደላለን፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ፈጽመን አንነቅፍም፤ በግእዝ «ገብአ» መመለስም ነውና፣ ጉዳዩ ዳግመኛ ለዳኝነት መመለሱን ሊያመለክት ይችላል።

ቃሉ የተናጋሪው ጩኸት እንዳለ የደረቀበት ስም በመሆኑ እንደ ሌላው ስም በቀላሉ አይረባም። «ይግባኝ አለ»፣ «ይግባኝ ተባለበት»፣ «ይግባኝ ባይ» እያልን «አለ» የሚለውን ግስ እንዲደግፈው እናደርጋለን። ለዚህም ነው ስለ ወጪ ብቻ የሚቀርበውን አቤቱታ በአንድ አዲስ ቃል ለመሰየም የሚደረገውን ሙከራ የማንደግፈው፤ «በወጪና ኪሣራ ላይ የቀረበ ይግባኝ» ቢረዝምም ችሎቱም ባለጉዳዩም ይረዱታል። በመዝገበ ቃላቱ ካርድ ላይ «ተቻቻለ» በሚለው ሥር ሁለተኛ ፍች እንዲጨመርና «በሕግ» የሚል ምልክት እንዲደረግበት ጠይቀናል።