ከውኃ ማማ እስከ ሐኪም ቤት

ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ እንጅባራን አልፎ ወደ ዘንገና ሐይቅ የደረሰ መንገደኛ፥ በዛፍ በተከበበው ውኃ ፊት ቆሞ ጥልቀቱን ሲያስብ ልቡ መፍራቱ አይቀርም። ውኃ በባሕርዩ የሚያስፈራ ነውና። ነገር ግን ሰውን ከውኃ የሚከለክለው ሁልጊዜ ጥልቀቱ አይደለም፤ ሰው ሰውን የከለከለበት ጊዜም አለ። ይህ በአሜሪካ አገር በሁለት ስመ ጥር ጠላቂዎች ላይ ደርሷል፤ ጠላቂ ማለትም ከከፍታ ዘሎ በአየር ላይ እየተገለባበጠ ወደ ውኃ የሚገባ ማለት ነው።

አንደኛዋ ቪክቶሪያ ማናሎ ናት። በ1924 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከፊሊፒንስ አባትና ከእንግሊዝ እናት ተወለደች። ጥበቡን ልትማር ወደ መዋኛው ማኅበር በሄደች ጊዜ፥ የአባቷን ስም ትታ በእናቷ የቤተሰብ ስም ቴይለር ተብላ እንድትጠራ ተደረገ። ከውኃው ለመግባት በፊት አባቷን መሠወር ግድ ሆነባት።

ሁለተኛው ሳሚ ሊ ነው። በ1920 ከኮርያ ሰዎች ተወለደ። በፓሳዴና የነበረው የመዋኛ ገንዳ ነጭ ያልሆኑትን ልጆች የሚቀበለው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበረ፤ ያም ቀን ሲፈጸም፥ በእነርሱ ገላ እንደ ረከሰ ያህል ውኃው ፈስሶ አዲስ ይሞላ ነበር። በቀሩት ቀኖች እንዲለማመድ አሠልጣኙ በጓሮው ጉድጓድ አስቆፍሮ አሸዋ ሞላለት። ብላቴናውም በውኃ ፈንታ በአሸዋ ላይ እየዘለለ እግሩን አጸና። አባቱ ሐኪም እንዲሆን ይመኝለት ነበርና፥ ትምህርቱንም ሳይተው በ1947 ከደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ።

በ1948 በለንደን የኦሊምፒክ ጨዋታ ሁለቱም ተገኙ። ቪክቶሪያ፥ በዚያን ጊዜ ለአሠልጣኝዋ ለላይል ድሬቭስ ሚስት ሆና ነበርና ድሬቭስ ተብላ፥ በ3 ሜትሩ የሚነጥር ሳንቃም በ10 ሜትሩ ማማም ወርቅ አገኘች። በአንድ ጨዋታ ሁለቱን የጠላቂነት ወርቆች ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ከዚህ ባል ጋር ያስተዋወቃት ሳሚ ሊ ነበረ፤ እርሱም በማማው ወርቅ፥ በሳንቃው ነሐስ ተሸለመ። በ1952 በሄልሲንኪ፥ 32ኛ ዓመቱን በፈጸመበት ቀን፥ የማማውን ወርቅ ደገመ።

ከዚያ በኋላ ከ1953 እስከ 1955 በኮርያ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ሲመለስ በካሊፎርንያ ቤት ሊገዛ ቢፈልግ፥ በዘሩ ምክንያት የማይሸጡለት ሰዎች ገጠሙት። ሁለት ጊዜ ወርቅ ያመጣላቸው ወታደርና ሐኪም ለጎረቤትነት አልበቃም ተባለ። እርሱ ግን የጆሮ ሐኪም ሆኖ ረዥም ዘመን ሕመምተኞችን ሲያክም ኖረ፤ በ2016 በ96 ዓመቱ ዐረፈ። ቪክቶሪያ በ2010 ቀድማው ዐርፋ ነበር።

ይህ የመከልከል ነገር በሴቶች ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ነበረ። ወንዶች በኦሊምፒክ ጠላቂነት በ1904 ሲወዳደሩ፥ ለሴቶች የተፈቀደው በ1912 በስቶክሆልም ነው። ደጁ ከተከፈተ ከ100 ዓመት በኋላ፥ በ2012፥ በዚያው በለንደን፥ አቢ ጆንስተን የምትባል አሜሪካዊት ከባልንጀራዋ ከኬልሲ ብራያንት ጋር በአንድነት ዘልላ የብር ሜዳልያ አገኘች። ከዚያም በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ገባች፤ በ2016 በሪዮ ስትወዳደርም የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ 12ኛም ሆነች። እንደ ሳሚ ሊ ማማውንና መጽሐፉን በአንድ ሰውነት አስማማች።

ሁለቱ ሙያዎች በእውነቱ ዝምድና አላቸው። ጠላቂ በሁለት ሰከንድ ለማይሞላ ውድቀት ዓመታት ይዘጋጃል፤ ስሕተቱን በየቀኑ ይሰማል፥ በየቀኑም ያርማል። የሐኪም እጅም የሚሠለጥነው በዚሁ መንገድ ነው።

የፓሳዴና ሰዎች ያን ውኃ በየሳምንቱ ሲያፈስሱ ንጽሕናን የጠበቁ መስሏቸው ነበር። ከገንዳው ያወጡት ልጅ ግን ካደገ በኋላ የስንቱን ሰው ጆሮ ፈወሰ። ወንድ ልጅን ቢሆን ሴት ልጅን «ይህ ስፍራ የአንቺ አይደለም፥ ይህ ያንተ አይደለም» ብሎ ከደጅ የሚመልስ ሰው፥ የመለሰው አንድ ልጅ ብቻ ይመስለዋል፤ ከልጁ ኋላ የቆሙትን ብዙ ሕመምተኞች አያያቸውም።