ከሩዝ ሻጋታ እስከ ሴሎች ትውስታ፦ የስታቲን መድኃኒቶች ታሪክ

የደም ሥር መጥበብ ከኮሌስትሮል ጋር እንደሚያያዝ በሙከራ ከታየባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1913 በሴንት ፒተርስበርግ የተካሄደው ነው። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ አኒችኮቭ በዘይት የሟሟ ንጹሕ ኮሌስትሮል ጥንቸሎችን ሲመግብ በደም ሥሮቻቸው ግድግዳ ላይ ስብ ተጠራቀመ። ኮሌስትሮልን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቀንስ መድኃኒት እስኪገኝ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሻጋታ ነው። ጃፓናዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በ1971 በቶኪዮው ሳንክዮ ኩባንያ ፍለጋውን ሲጀምር፣ አንዳንድ ፈንገሶች ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ስብ እንዳይሠሩ በመከልከል ራሳቸውን ይከላከሉ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ከተፈተሹ በኋላ፣ በኪዮቶ ከአንድ እህል መሸጫ በተወሰደ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ በ1973 ኮምፓክቲን ተገኘ። ኮምፓክቲን በጉበት ውስጥ ሜቫሎኔት የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርተውን ኢንዛይም ያግዳል። ኮሌስትሮል የሚሠራው ከሜቫሎኔት ስለሆነ፣ ምርቱ ሲቀንስበት ጉበት ጉድለቱን ለመሙላት ኮሌስትሮልን ከደም ውስጥ ይስባል። በዚሁ መንገድ የሚሠሩት መድኃኒቶች ስታቲን ይባላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1994 ደግሞ 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት የስካንዲኔቪያ ጥናት ሌላው ስታቲን ሲምቫስታቲን የሞት መጠንን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ሜቫሎኔት ግን የኮሌስትሮል መነሻ ብቻ አይደለም። በሴሎች ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ከሴሉ ሽፋን ጋር የሚጣበቁባቸው ቅባቶችም ከእርሱ ይገኛሉ። በመሆኑም ስታቲን በሽታ የመከላከል ሥርዓትንም ይነካል፤ በ2000 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሴሎች ላይ አሳዩ። በ2008 የወጣው ጁፒተር የተባለው ጥናት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያላለ፣ የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒ ግን በደማቸው ውስጥ የጨመረባቸውን 17,802 ሰዎች አካተተ። ሮሱቫስታቲን የወሰዱት ጎጂው ኮሌስትሮል በ50 በመቶ፣ ሲአርፒ በ37 በመቶ ቀነሰላቸው፤ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋዎችም ቀነሱ። ሆኖም ሁለቱ አብረው ስለወረዱ፣ ጥቅሙ ከየትኛው ምን ያህል እንደመጣ ጥናቱ ለይቶ ማሳየት አልቻለም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተከፈተው በኔዘርላንድስ ነው። የናይሜኸኑ ተመራማሪ ሚሃይ ኔቲያና ባልደረቦቹ በ2011 አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሞኖሳይትን የመሳሰሉ የመጀመሪያው መስመር ተከላካይ ሴሎች ያለፈ ጥቃትን አስታውሰው በሚቀጥለው ጊዜ በበለጠ ኃይል ምላሽ ይሰጣሉ የሚል ነው። ይህ ትውስታ የቢሲጂ ክትባት ከሳንባ ነቀርሳ ውጪ ያለውን ጥቅም ለማብራራት ይረዳል። በሌላ በኩል ኮሌስትሮል የሚያስነሣው ተመሳሳይ ትውስታ የደም ሥርን ብግነት ሊያባብስ ይችላል። በ2018 ቡድኑ ይህን ትውስታ የሚቀሰቅሰው የኮሌስትሮል መመረት ሳይሆን የሜቫሎኔት መከማቸት መሆኑን አሳየ። በቤተ ሙከራ ፍሉቫስታቲን ሜቫሎኔት እንዳይመረት በማድረግ ትውስታው እንዳይፈጠር ከለከለ።

አስቀድሞ የተፈጠረውን ትውስታ መሻር ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። በ2019 የወጣ ጥናት ከፍተኛ ኮሌስትሮል በዘር የወረሱ ሕሙማንን ተከታተለ። ለሦስት ወር ስታቲን ሲወስዱ ኮሌስትሮላቸው ቢወርድም፣ የሞኖሳይቶቻቸው ቁጡ ባሕርይ አልተለወጠም። ስለዚህ የኮሌስትሮል መውረድ ብቻውን የብግነትን ትውስታ አያጠፋም፤ በዘር የሚወረሰውን ችግር በጊዜ ለይቶ ሕክምናውን ቀድሞ መጀመር የሚደገፍበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።