የግርግሙ ትናንሽ ሰዎች

ጅቡቲ ከተማ የክርስቶስን ልደት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ታያለች። በፈረንጆች ዲሴምበር 24 ማታ የካቶሊክ ምእመናን የልደትን ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። ከዐሥራ ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ፣ በገና ዋዜማ፣ ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያን ነጠላቸውን አጣፍተው ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ ያነጋሉ። የሁለቱ በዓላት ልዩነት ግን የቀን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ሕፃኑ ኢየሱስ በጭድ ላይ የተጋደመ፣ በእጅ የሚነሣና የሚቀመጥ ቅርጽ ነው፤ በሁለተኛው ግን በግድግዳና በመጋረጃ ላይ የሚኖር ሥዕል ነው።

ፈረንሳዮች ክሬሽ፣ ጣሊያኖች ፕሬዜፒዮ የሚሉት ይህ የቅርጽ ግርግም በቤተ ክርስቲያን ብቻ አልቀረም። ከመኖሪያ ቤት ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ በወረሳቸው ማርያምና ዮሴፍ ይጀምራል፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ እረኛ፣ አንድ በግ፣ አንድ ግመል ይጨምራል። በዓሉ ሲያልፍ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልሎ በካርቶን ያኖራል። ለልጆች መጫወቻ የሚመስለው ይህ ስብስብ በቅርበት ሲታይ የሕዝቦች ታሪክ ማኅደር ነው። ለመሆኑ እነዚህ ትናንሽ ሰዎች የማንን መልክ ይዘዋል? የማንስ እጅ ሠራቸው? የሠሪውስ ስም ወዴት ደረሰ?

ከግሬቾ እስከ ጅቡቲ

የክሬሽ ታሪክ ሲወሳ አስቀድማ የምትነሣው በመካከለኛው ጣሊያን ያለችው የግሬቾ መንደር ናት። በ1223 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሲሲው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዚያ ግርግም አዘጋጅቶ፣ ጭድ አስነጥፎ፣ በሬና አህያ አስቀርቦ የልደትን ሌሊት እንዳከበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው የቼላኖው ቶማስ ይተርካል። በዚያ ሌሊት የተቀረጸ ሰው አልነበረም። ፍራንቸስኮስ የፈለገው ምእመናን የሕፃኑን ድህነት በዐይናቸው እንዲያዩ ነበር። ቅርጹ በኋላ የመጣ ነው። እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥንታውያን የልደት ቅርጾች አንዱ፣ አርኖልፎ ዲ ካምቢዮ በ1291 ገደማ ለሮማው የቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከዕብነ በረድ ያነጸው ነው።

ይህ የጣሊያን ታሪክ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገናኝበት መንገድ አለው። በኢትዮጵያ አባ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ጉልየልሞ ማሳያ በ1846 ወደ ኦሮሞ አገሮች ሲላኩ የካፑቺን መነኩሴ ነበሩ፤ ካፑቺኖች ደግሞ የፍራንቸስኮስ ማኅበር አንድ ቅርንጫፍ ናቸው። ጅቡቲ በ1914 ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር፣ በ1955 ሀገረ ስብከት ሆነች፤ በዚያ ያገለገሉትም የዚሁ ማኅበር ልጆች ነበሩ። የዛሬው ካቴድራል የተሠራው በ1964 ነው። እንግዲህ ግሬቾ ለእነዚህ መነኮሳት የሩቅ አገር ወሬ ሳትሆን የአባታቸው የቤት ውርስ ነበረች።

ከመሠዊያ ወደ መደርደሪያ

ቅርጾቹን ከመሠዊያ ሥር አውጥታ የሰብሳቢዎች ሀብት ያደረገቻቸው ከተማ ናፖሊ ናት። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም ከ1734 እስከ 1759 በነገሠው በቡርቦኑ ካርሎ ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ በግርግም ሥራ ይፎካከሩ ነበር። የቅርጹ ራስ ከተተኮሰ ሸክላ፣ እጅና እግሩ ከእንጨት ይሠራል፤ ገላው በሽቦ ላይ የተጠቀለለ የቃጫ ጭረት ስለሆነ እንደ ፈለጉት ይተጣጠፋል፤ ልብሱ እውነተኛ ሐር ነው። ከሕፃኑ ግራና ቀኝ አሣ ሻጩ፣ ለማኙ፣ የመሸታ ቤቱ ባለቤት ይሰለፋሉ። ቤተ ልሔም የናፖሊ ገበያ ሆነች ማለት ነው።

ከዚህ ሀብት ብዙው የተረፈው በግለሰቦች ትጋት ነው። ሚኬሌ ኩቺኒዬሎ የተባለው የናፖሊ ሰው የሰበሰባቸውን ቅርጾች ለሳን ማርቲኖ ሙዚየም ሰጥቶ በ1879 ለሕዝብ እንዲታዩ አድርጓል። በኒውዮርክም ሎሬታ ሃይንስ ሃዋርድ ከ1925 ጀምሮ ያከማቸቻቸውን ከሁለት መቶ በላይ የናፖሊ ቅርጾች ከ1964 አንሥቶ ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያበረከተች ሲሆን፣ ሙዚየሙ እስከ ዘመናችን ድረስ በገና ዛፉ ሥር ሲያሳያቸው ኖሯል።

ለጅቡቲ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ፕሮቫንስ የተባለው የደቡብ ፈረንሳይ ክፍል ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና በአደባባይ ግርግም ማቆም ሲከለከል፣ ምእመናን ትናንሽ ቅርጾችን በየቤታቸው ማቆም እንደ ጀመሩ ይነገራል። ዣን ሉዊ ላኜል (1764–1822) የተባለው የማርሴይ ሰው በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ጭቃ እየጠቀጠቀ ብዙ ቅርጾችን በርካሽ ዋጋ የሚያወጣበትን ዘዴ አስፋፋ። ቅርጾቹ በአካባቢው ቋንቋ «ትንሽ ቅዱስ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ሳንቶን ተባሉ፤ ከ1803 ጀምሮም ማርሴይ ውስጥ የራሳቸው ገበያ ቆመላቸው። ወፍጮ ጠባቂው፣ ቢላ ሳዩ፣ አሣ ሻጯ፣ በደስታ ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋው የዋህ ሰው፣ ሁሉም የፕሮቫንስ መንደርተኞች ናቸው።

ማርሴይ ደግሞ የጅቡቲ በር ነበረች። የመሳዥሪ ማሪቲም ኩባንያ መርከቦች ከዚያ ተነሥተው በስዊዝ ቦይ እያለፉ ወደ ማዳጋስካርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲጓዙ ጅቡቲን ይነኩ ነበር። የሳንቶን አገርና የባቡር ሐዲዱ መነሻ በአንድ የባሕር መንገድ የተያያዙ ነበሩ።

ሳንቶንን አንሥቶ የሚገለብጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የሠሪውን ፊርማ ወይም ማኅተም ያገኛል። ቅርጹ የጣት ቁመት ቢኖረውም ሠሪው በስሙ ይታወቃል፤ ልጁና የልጅ ልጁም በዚያው ስም ይነግዳሉ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም ትልቅ ቁም ነገር እንዳለው ወደ ኋላ ይታያል።

ጥቁሩ ንጉሥ

በእያንዳንዱ የአውሮፓ ስብስብ ውስጥ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ቆም ብሎ የሚያየው አንድ ቅርጽ አለ፤ ከሰብአ ሰገል አንዱ፣ ባልታዛር የሚባለው ጥቁሩ ንጉሥ። የማቴዎስ ወንጌል የሰብአ ሰገልን ቁጥርም ሆነ ስም ወይም የቆዳ ቀለም አይናገርም። ጥቁሩ ንጉሥ በአውሮፓ ሥዕል የተለመደው በተለይ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ነው። ቅርጽ ሠሪዎቹ ጥምጥም አጠምጥመው፣ የጆሮ ጌጥ አንጠልጥለው ሲያቆሙት አብዛኞቹ አፍሪካን በዐይናቸው አላዩም። መልኩ የእኛ ነው ቢባልም ልብሱና አኳኋኑ የእነርሱ ምናብ ነው።

ኢትዮጵያም በበኩሏ ራሷን ከልደቱ ታሪክ ውስጥ አስገብታለች። የአክሱም ነገሥታት ዝርዝሮች ክርስቶስ የተወለደው ባዜን በነገሠ በስምንተኛው ዓመት እንደ ሆነ ይመዘግባሉ። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ሩር እየመቱ ተጫወቱ፣ የገና ጨዋታም ከዚያ ቀረ የሚለው የቃል ትውፊትም ያንኑ ያሳያል። የናፖሊ ሰው ቤተ ልሔምን ገበያው እንዳደረጋት ሁሉ የኢትዮጵያ ገበሬም መስኩ አድርጓታል።

በሥዕል የኖረ ግርግም

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ግርግሙን በቅርጽ አላቆመችም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቅዱሳን መታሰቢያ ሥዕል እንጂ ሐውልት አይደለም። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ በግድግዳው ውስጥ ተፈልፍለው የሚታዩት የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን እንግዳ የሚሆኑብን ስለዚህ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ከዐለቱ አልተለዩም። ሥዕሉ ግን የራሱ ሕግ አለው። በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በልደት ሥዕል ላይ በሬውና አህያው ሕፃኑን በትንፋሻቸው ያሞቁታል።

ከቤተ መቅደስ ውጭ ግን በኢትዮጵያ ምድር ከጭቃ ሰው የሚያበጁ እጆች ነበሩ። የሚያሳዝነው፣ እነዚያ እጆች ሲናቁ መኖራቸው ነው።

የወለቃ እጆች

ከጎንደር በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ቤተ እስራኤል በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ አንጠመቅም በማለታቸው የመሬት ርስታቸውን እንዳጡ በትውፊት ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ከማደር በቀር ምን ምርጫ አለው? የእጅ ሥራው ደግሞ ሌላ ስድብ አስከተለበት። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው። ማረሻውን የሠራለት፣ እንስራውንና ምጣዱን ያበጀችለት ወገን በጎረቤቱ ዐይን የሚፈራ ሆነ።

ችግሩ የወለቃ ብቻ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጡት ዐዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይመሰክራል። ልማድ ግን በዐዋጅ ብቻ አይነቀልም።

በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጎብኚዎች ወደ ጎንደር ሲበዙ የወለቃ ሴቶች ከማሰሮውና ከእንስራው ጎን ትናንሽ ቅርጾችን ለገበያ ማቅረብ ያዙ። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ከጭቃ ተበጁ። ሥራው ሁሉ በእጅ ነው፤ ሸክላውን የሚያሽከረክር መሣሪያም ሆነ ጀሶ የለበትም። ቅርጹ ከደረቀ በኋላ በምድጃ ሳይሆን በሜዳ ላይ እሳት ይተኮሳል። ስለዚህ ሁለት ቅርጾች ፈጽመው አንድ ዐይነት አይሆኑም።

እነዚህ ቅርጾች ለገና ተብለው አልተሠሩም፤ ሠሪዎቹም ገናን አያከብሩም። የእነርሱ ታላቅ በዓል ስግድ ነው። ሆኖም እንስራ የተሸከመችው ሴትና ሽማግሌው በአንድ ሰብሳቢ እጅ ገብተው ከግርግሙ አጠገብ ቢቆሙ ባዳ የሚላቸው የለም። በግርግሙ የተኛው ሕፃን ራሱ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ አይሁዳዊ ሕፃን ነውና። ከማርሴይ ወፍጮ ጠባቂ ይልቅ ለቤተ ልሔም የምትቀርበው የወለቃዋ ሴት ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ ሄዱ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤል ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወደ ሱዳን በተደረገው የእግር ጉዞና በመጠለያ ጣቢያዎች የሞቱት እጅግ ብዙ ናቸው። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ወለቃ ያለ ቀድሞ ባለቤቶቿ ቀረች። በመንገዱ ዳር ያሉት መደብሮች ግን ፈጽመው አልተዘጉም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች ሥራውን ተምረው ያንኑ ቅርጽ መሸጥ ቀጠሉ። ትናንት በሚፈራው ጭቃ ዛሬ ጎረቤቱ ይተዳደርበታል።

ከሥሩ ምን ተጽፏል?

ሰብሳቢ የሚኖርባት ከተማ ጅቡቲ ብትሆን ካርቶኑ ውስጥ ሁለት መንገዶች ይገናኛሉ። አንዱ ከማርሴይ በባሕር፣ ሁለተኛው ከደጋው አገር በየብስ ይመጣል። በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ይህችን ከተማ የደጋው ሰውና ዕቃ መውጫ አድርጓታል። ከባሕር የመጣው ወፍጮ ጠባቂና ከደጋ የመጣችው ባለ እንስራ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁለቱም ጭቃ ናቸው፣ ሁለቱም ከመዳፍ አይበልጡም።

ሲገለበጡ ግን ይለያያሉ። በወፍጮ ጠባቂው ሥር ስም አለ፤ በባለ እንስራዋ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። የማርሴዩ ሰው በገበያው ይከበር ነበርና ስሙን ጻፈ። የወለቃዋ ሴት ግን ስሟን ብትጽፍ ስሟ ራሱ በአካባቢዋ ስድብ ሊያመጣባት ይችል ነበር። የናፖሊ ስብስቦች ታሪክ የሚያስተምረው፣ ሰብሳቢ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ከቅርጹ ጋር ያለውን ዕውቀትም ሊያተርፍ እንደሚችል ነው። የት ተገዛ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን እጅ የሚሉት ሦስት መልሶች በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ።

በዓሉ አልፎ ቅርጾቹ በወረቀት ተጠቅልለው ወደ ካርቶናቸው ሲመለሱ፣ ከባለ እንስራዋ ጋር እንዲህ ያለች ወረቀት ብትጠቀለል ካርቶኑን የሚያጠብበው አይሆንም። ሠሪዋ በሕይወት ካለች ዛሬ በእስራኤል ከተሞች በአንዱ አያት ሆና ትኖር ይሆናል። ስሟን መጠየቅ ለቀደመው ዘመን ስድብ የዘገየ መልስ ነው።