ከወረቀቱ የጎደለው ሜዳሊያ

ከ1950 ወዲህ ከአሜሪካ ጦር የሚሰናበት ወታደር ዲዲ 214 የሚባል የስንብት ወረቀት ይሰጠዋል (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ወረቀቱ ወታደሩ መቼ እንደተቀጠረ፣ የት እንደዘመተ፣ በምን ማዕረግ እንደወጣ በጠባብ ሣጥኖች ከፋፍሎ ይይዛል። አሁን በሚሠራበት ቅጽ ኒሻንና ሜዳሊያ የሚዘረዘረው በ13ኛው ሣጥን ነው። ሕክምናው፣ የቤት መግዣ ብድሩ፣ በወታደሮች መካነ መቃብር የመቀበር መብቱ፣ ሁሉም “ወረቀትህን አምጣ” ከሚል ጥያቄ ይጀምራል። 13ኛው ሣጥን ውስጥ ያልሰፈረ ሜዳሊያ ታዲያ አዛዡ በገዛ እጁ ደረቱ ላይ የሰካለት ቢሆን እንኳ፣ ለቢሮው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ማቃናት በአሜሪካ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቦርድና የራሱ ቅጽ ያለው ሥራ ሆኗል።

ችግሩ ግን ዲዲ 214ን ይቀድማል፤ በስፋት የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። በ1945 ከ12 ሚሊዮን የማያንስ ሰው የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ሁሉም ቤቱ ናፍቆታል። ማን ቀድሞ ይሰናበት የሚለውን የምድር ጦሩ በነጥብ ወሰነው። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 1 ነጥብ፣ ባሕር ማዶ ላሳለፈው ወር ተጨማሪ 1፣ ለእያንዳንዱ ኒሻን ወይም የዘመቻ ኮከብ 5፣ ለአንድ ልጅ ደግሞ 12 ነጥብ ይያዝለታል። በግንቦት ወር 85 ነጥብ የሞላለት መንገዱን ጀመረ። በዚያ ሰሞን ሜዳሊያ ክብር ብቻ ሳይሆን የመርከብ ትኬትም ነበር፤ 80 ነጥብ ላይ የቆመ ወታደር አንዲት የተረሳች ኮከብ ፍለጋ የሻምበሉን ጸሐፊ ቢሮ ደጅ ይጠናል። ነጥቡ አንዴ ከሞላ በኋላ ግን የቀረው ይመዝገብ አይመዝገብ ግድ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው። በስንብት ካምፑ ጸሐፊው ካርዱን እያየ በታይፕ ይመታል፣ ወታደሩ ይፈርማል፣ ቀጣዩ ይጠራል። ባቡሩ እየጠበቀው “እዚህ ላይ አንድ ኒሻን ቀርቷል” ብሎ ወደ ሰልፉ ጫፍ የሚመለስ ማን ነው?

ጸሐፊው ምንም ባይሳሳት እንኳ ሊያውቀው የማይችል ነገር አለ፤ ሽልማቱ ገና አልተወለደም። በ1947 የአሜሪካ ምድር ጦር በጦርነቱ ጊዜ የተዋጊ እግረኛ ባጅ ወይም የተዋጊ ሐኪም ባጅ ያገኘ ሁሉ ብሮንዝ ስታር የሚባለው ኒሻን እንዲሰጠው ፈቀደ። ምክንያቱ በጭቃና በበረዶ የኖረው እግረኛ ከሌላው ያነሰ ኒሻን ማግኘቱ ነበር። ውሳኔው ሲወጣ ግን አብዛኛው ባለመብት ተሰናብቶ ወደ እርሻውና ወደ ፋብሪካው ተመልሷል። ጦሩ በየቤቱ እየዞረ አላደለም፤ የሚፈልግ ያመልክት አለ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ብሮንዝ ስታር እንደሚገባው ሳያውቅ አርጅቶ ሞተ፤ ልጆቹ ቁምሣጥን ሲያጸዱ ባጁን አግኝተው ሲጠይቁ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የጦር ምርኮኞች ሜዳሊያም እንዲሁ በ1985 ተደንግጎ ወደ ኋላ እስከ ሚያዝያ 1917 ድረስ እንዲሠራ ተደረገ።

የኮሪያ ዘማቾች ጉዳይ ደግሞ ከኢትዮጵያውያን ጎን የተዋጉትን አሜሪካውያን ይነካል። የክብር ዘበኛው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ሆኖ መዋጋቱ የታወቀ ነው። ደቡብ ኮሪያ በተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ባንዲራ ሥር ለዘመቱ የውጭ ወታደሮች የጦርነት አገልግሎት ሜዳሊያዋን በ1951 አቀረበች። የአሜሪካ ሕግ ግን በዚያን ጊዜ ወታደሮቹ የውጭ መንግሥት የሰጠውን ሜዳሊያ እንዳያደርጉ ይከለክል ነበር። ክልከላው በ1954 ቢላላም ዘማቹ ቀድሞ ተበትኗል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሜዳሊያውን ለመቀበል እሺ ያለው በ1999 ነው። የ20 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ የዘመተ ሰው በዚያን ጊዜ 70 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል።

የቬትናሙ ጉድለት ከሁሉም ሰፊው ሳይሆን አይቀርም። የደቡብ ቬትናም መንግሥት የሰጠው የጀግንነት መስቀል የክፍል ሽልማት በ1974 በወጣ ጠቅላላ ትዕዛዝ ከሐምሌ 1965 እስከ መጋቢት 1973 ቬትናም ለነበረው የአሜሪካ ምድር ጦር ማዘዣና በሥሩ ለነበሩ ክፍሎች በጅምላ ተፈቀደ። ትዕዛዙ ሲወጣ ጦሩ ከአገሩ ከወጣ አንድ ዓመት ያህል ሆኖታል። ስለዚህ በ1968 ወይም በ1970 የተሰናበተ የምድር ጦር ዘማች ወረቀት ላይ ይህ ሽልማት ባይገኝ አያስገርምም፤ ቢገኝ ነው የሚያስገርመው።

ለመሆኑ ስሕተቱን የሚያርመው ማን ነው? ከ1946 በፊት መልሱ አስቸጋሪ ነበር። መዝገቡ ተሳስቷል የሚል የቀድሞ ወታደር ወደ ምክር ቤት እንደራሴው ይሄዳል፤ እንደራሴው በዚያ ሰው ስም ልዩ የሕግ ረቂቅ ያቀርባል፤ ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ በፕሬዚዳንቱ ይፈረማል። የአንድን ሰው ፋይል ለማቃናት የአገር ሕግ ማውጣት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ረቂቅ እየበዛ ምክር ቤቱን ስላጨናነቀው፣ በነሐሴ 1946 የወጣው የምክር ቤቱ አሠራር ማሻሻያ ሕግ በር ዘጋበትና ሥልጣኑን ለጦር መሥሪያ ቤቶቹ ሰጠ። ሚኒስትሮቹ በሲቪሎች ቦርድ አማካይነት “ስሕተትን ወይም በደልን” እንዲያርሙ ተፈቀደላቸው። ዛሬ የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ የየራሳቸው የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ አላቸው። ማሪኖቹ በባሕር ኃይሉ ቦርድ ይስተናገዳሉ፤ የባሕር ዳርቻ ጠባቂው ደግሞ የራሱ አለው። ቦርዱ ሲቪል መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስሕተቱን የሠራው መኮንን የራሱ ዳኛ እንዳይሆን ያደርጋል።

ማመልከቻው ዲዲ 149 በሚባል ቅጽ ይቀርባል። ስሕተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል ሕጉ፤ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲባል ገደቡን ማንሣት ይችላል። ያም ሆኖ ጉዳዩ ሁሉ ቦርድ አይደርስም። ትዕዛዙ ወጥቶ ጸሐፊው ብቻ የዘለለው ሜዳሊያ ከሆነ፣ ሴንት ሉዊስ ያለው የአገር አቀፍ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ወይም የሚመለከተው ጦር የሰው ኃይል መሥሪያ ቤት ማረም ይችላል። ቦርዱ የሚያየው ክርክር ያለበትን ነው።

እዚህ ላይ ሴንት ሉዊስ ሲባል ሐምሌ 12 ቀን 1973 ይታወሳል። በከተማዋ ዳርቻ ኦቨርላንድ በሚባለው ሠፈር የነበረው ባለ 6 ፎቅ የመዝገብ ቤት ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ሲል ከላይኛው ፎቅ እሳት ተነሣበት። ሕንጻው በ1950ዎቹ ሲሠራ መዝገብ በሚቀመጥበት ሥፍራ እሳት የሚከፍል ግድግዳም ሆነ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልተደረገለትም። ቃጠሎው ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ 22 ሰዓት ነደደ። መንሥኤው እስከ ዛሬ በትክክል አልታወቀም። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ማኅደር ጠፋ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መባቻ ከተሰናበቱት የምድር ጦር ወታደሮች 80 በመቶ፣ ከ1947 እስከ 1964 መባቻ ከተሰናበቱት የአየር ኃይል ሰዎች መካከል ስማቸው በፊደል ተራ “ሀባርድ” ከሚለው ኋላ ከሚመጣው ደግሞ 75 በመቶው ማኅደር አለቀ። በአየር ኃይሉ በኩል የማኅደር ዕጣ በስም መጀመሪያ ፊደል ተቆረጠ ማለት ነው፤ አዳምስ ተረፈ፣ ዊልሰን ተቃጠለ። የፋይሉ ቅጂ አልነበረም፤ ማይክሮፊልም አልተነሣም፤ ምን ነበር የሚል ዝርዝር እንኳ አልተሠራም። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” የሚለውን የአገራችንን ተረት በዚያ ጠዋት መጥቀስ ይከብድ ነበር።

ከእሳቱ የተረፈውን ደግሞ ውኃው ያዘው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የረጩት ውኃ ወደ ታችኞቹ ፎቆች ወርዶ በሐምሌ ሙቀት ሻጋታ ማብቀል ጀመረ። የራሰው ወረቀት በሣጥን እየታጨቀ ወደ ማክዶኔል ዳግላስ የአውሮፕላን ኩባንያ ተወሰደና ለጠፈር ምርምር በተሠራ አየር አልባ ክፍል ውስጥ ደረቀ። በዚህ ዓይነት 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደር ተረፈ። ዛሬም ጠርዛቸው የከሰለ፣ ሲነኩ የሚፈረፈሩ ገጾች በልዩ ክፍል ሙቀቱና እርጥበቱ ተመጥኖ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ የጎደለ ሜዳሊያ ፍለጋ የዙሪያ መንገድ ሆነ። ማኅደሩ ከሌለ ሌላ ቢሮ ለሌላ ጉዳይ የጻፈው ወረቀት ይፈለጋል። የመጨረሻ ደመወዝ መክፈያ ሰነድ አለ፤ የሆስፒታል መግቢያ ቅንጫቢ አለ፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የሻምበሉ የጠዋት ሪፖርት ነው። የሻምበሉ ጸሐፊ በየቀኑ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተዛወረ፣ ማን እንደቆሰለ በምሕጻረ ቃል ይመዘግብ ነበር። አንዲት መስመር የምትይዘው ማዕረግ፣ ስም፣ የወታደር ቁጥርና “ከሥራ ወደ ሆስፒታል” የምትል አጭር ቃል ናት። ጸሐፊው የጻፋት ለቀለብና ለሰው ቆጠራ ብሎ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ፐርፕል ኸርት የሚባለውን የቁስለኞች ሜዳሊያ ያላገኘ ሰው ተስፋ በዚህች መስመር ላይ ይንጠለጠላል፤ ምክንያቱም ቦርዱ ለፐርፕል ኸርት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ቁስሉ በጠላት የደረሰ መሆኑ፣ በሐኪም መታከሙ፣ ሕክምናውም በመዝገብ መስፈሩ። ገላ ላይ ያለ ጠባሳ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ብቻውን አያረጋግጥም። ጭካኔ ቢመስልም ቦርዱ የሚፈርደው በገላ ሳይሆን በሰነድ ነው።

በዘር ምክንያት የተነፈገው ሽልማት ሌላ ምዕራፍ ነው፤ እዚያ ጥፋቱን በጸሐፊ ጥድፊያ ማላከክ አይቻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአንድም ጥቁር አሜሪካዊ ከሁሉ የሚበልጠው የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያ፣ አልተሰጠም ነበር። በ1993 ሾው ዩኒቨርሲቲ ምክንያቱን እንዲያጠና ውል ተሰጠው፤ በጥር 1997 ሰባት ሰዎች ሽልማቱን ሲያገኙ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር። በኖርማንዲ ወረራ ዕለት ራሱ ቆስሎ 30 ሰዓት ያህል ሌሎችን ያከመው ጥቁሩ ሐኪም ወታደር ዌቨርሊ ውድሰን ደግሞ ማኅደሩ በ1973ቱ እሳት ከጠፋባቸው አንዱ ነው። የላቀ አገልግሎት መስቀል የተፈቀደለት በ2024፣ ከሞተ 19 ዓመት በኋላ ነው። ከልዩ ኃይሉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር መኮንኖች አንዱ የሆነው ፓሪስ ዴቪስ በሰኔ 1965 ቦንግ ሶን ላይ ለፈጸመው ጀብዱ ለክብር ሜዳሊያ ታጨ፤ የዕጩነቱ ሰነድ ጠፋ። በ1969 እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ጠፋ። ሜዳሊያው በመጋቢት 2023 ሲሰጠው ከ57 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

የኬንታኪው ገበሬ ጋርሊን ኮነር ጉዳይ ደግሞ ደጅ ጥናቱ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ያሳያል። በጥር 1945 ፈረንሳይ ውስጥ ሁሰን አጠገብ፣ ዳሌው ላይ ቆስሎ ገብቶበት ከነበረው ሆስፒታል ሾልኮ ወደ ክፍሉ የተመለሰው ኮነር፣ የስልክ ሽቦ እየጎተተ ወደ ፊት ወጥቶ ለሦስት ሰዓት መድፉን መራ፤ ጠላት ሲከበው መድፉ በራሱ ላይ እንዲተኩስ አዘዘ። የላቀ አገልግሎት መስቀል ተሰጠው። ለክብር ሜዳሊያ የቀረበውን ጥያቄ የምድር ጦሩ ቦርድ በ1997 ውድቅ አደረገ፤ በዓመቱ ኮነር ሞተ። ሚስቱ ፖሊን ግን አልተወችም። ኋላ የሦስት የዓይን ምስክሮች ቃል ተገኘ። በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጊዜው አልፏል አላት። ይግባኙ በድርድር ተቋጨና ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ተመለሰ፤ ቦርዱ በ2015 ተስማማ። በሰኔ 2018 ፖሊን ኮነር በ89 ዓመቷ ዋይት ሀውስ ገብታ የባሏን ሜዳሊያ ተቀበለች።

ይህን የመሰለው የዘገየ ጥያቄ ሌላም በር አለው። በ1996 የወጣ ሕግ የምክር ቤት አባል ከጠየቀ ጊዜው ያለፈበት የሽልማት ሐሳብ እንደገና እንዲታይ ያዛል። በ1946 በቦርድ የተተካው እንደራሴ በሌላ በር ተመልሶ ገባ እንደማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን እንደራሴው ጥያቄውን ያስተላልፋል እንጂ በአንድ ሰው ስም ሕግ አያወጣም።

ጥያቄው ሲፈቀድ ለባለመብቱ አዲስ የስንብት ወረቀት አይሰጠውም። የሚመጣለት ዲዲ 215 የምትባል አጭር ቅጽ ናት፤ የሚታረመው ሣጥን ቁጥር ተጠቅሶ ቀጥሎ የሚጨመረው የሜዳሊያ ስም ይጻፍባታል። የድሮው ዲዲ 214 ከነጉድለቱ እንዳለ ይቆያል፤ አዲሷ ቅጽ ከጎኑ ትያያዛለች። ቢሮ በሄደ ቁጥርም ሁለቱን አንድ ላይ ያቀርባል።